የታላቋ አገር ተራ

መስከረም 22፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ውሃ ነበረ፣ ጠዋት ሄደ። ገና በሦስት ሰዓት ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ክፍል ስገባ ከስልሳው ተማሪ አሥራ ምናምኑ ነው ያለው፤ ሌላው ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። ለተረፉት የሥነ ዜጋ ምዕራፍ አራትን ከፈትኩ። "የጋራ ሀብት ምንድን ነው?" አንዱ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ የሁሉም የሆነ፣ ግን ማንም የማይጠግነው።" የትምህርት ቤታችንን ቧንቧ ማለቱ ነው። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። መጽሐፉ ላይ ያለው መልስ ሌላ ነው…

እናቴ ደወለች። ወደ ሽንፋ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለው የሰሊጥ ማሳዋ ቢጫ ጥሏል፤ የታችኛው ቅጠል መርገፍ ጀምሯል። ደስ ብሏታል፣ ፈርታለችም። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ደርሶ ጥቂት ቀን ካለፈው አፉን ይከፍትና የዓመቱን ልፋት መሬት ላይ ይደፋዋል። ዘንድሮ ደግሞ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ መንገዱን ፈርቶ ቀርቷል። ያለው ወንፈል ብቻ ነው። ዛሬ እኔ ያንተን ካጨድኩ፣ ነገ አንተ የእኔን። ተራው በመስቀል ማግሥት በዕጣ ወጥቷል።

"መቼ ደረሰሽ?" አልኳት።

"ከአቦ ማግሥት። ጥቅምት ስድስት።"

"ጥሩ ነው፣ ትደርሻለሽ።"

"አንችስ ትመጫለሽ?"

"ትምህርት አለ እኮ እማ…"

"እሽ በቃ" ብላ ዘጋች። ዲግሪ ከያዝኩ ወዲህ ማጭድ አልጨበጥኩም፤ እሷም ከዚህ አልፋ ጠይቃኝ አታውቅም።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ባየልኝ መጣ። አብሮኝ የተማረው ባየልኝ፣ አሁን የአንድ ፕሮጀክት አስተባባሪ። ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሷል። ኪሶቹ ውስጥ ምንም የለም፤ እስክሪብቶ የተዋሰው ከእኔ ነው።

አንድ ዶክተር ከውጭ ይመጣል አለኝ። ከታላቋ አገር። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ዓለም ላይ ያለው ታላቅ አገር ሁሉ "እኔን ነው" ብሎ ቢቀየመኝስ? ዶክተሩ የአገሩን መንግሥት በውጭ ፖሊሲ የሚያማክር ነው። አስተርጓሚ ይፈልጋል።

"ስለ ምን ሊያጠና?"

"ስለ ማኅበረሰብ።"

"የማኅበረሰብ ምኑን?"

"በጠቅላላ" አለ ባየልኝ።

እሺ አልኩ። ለምን? ጠመኔና ቧንቧ ሰልችቶኝ ይሆናል። ደግሞ ስንት ዓመት ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር፣ ከሚያምንበት ሰው አፍ መስማት አማረኝ።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ዶክተሩ ገባ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ፀሐይ ያቀላው፣ ጨዋ ሰውዬ። ስሙ ዊትመር ነው፤ ከተማችን ገንዳ ውሃ ውስጥ ግን ቀኑ ሳይጋመስ "ዱክቱር" ሆኗል። የሰጡትን ሁሉ ይበላል። ካርካዴ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልቻልኩም።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሐሳቡን አስረዳኝ። አገሩ እስከ ዛሬ ከዓለም ጋር የኖረችው በሁለት ነገር ነው፤ በዱላና በስንዴ። ዱላው ጠላት አፈራ፣ ስንዴው ወረፋ። ከእንግዲህ ሦስተኛ መንገድ ይኖራል። ዓለምን እንደ አንድ ሰፈር ማየት። ሰው መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት፤ አገርም እንደዚያው። "እኔ" ብቻ የሚል ይደርቃል፣ "እኛ" ብቻ የሚል ይታፈናል፤ መሃሉን መፈለግ ነው። ማንም ማንንም ሳያስገድድ፣ ተመካክሮ፣ የጋራ እሴት ላይ መድረስ። "የማኅበረሰቦች ማኅበረሰብ" ይለዋል።

እውነቱን ልናገርና ወደድኩት። የእኔው ምዕራፍ አራት ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው በአውሮፕላን መጥቷል።

"እስከ መቼ ይቆያሉ?" አልኩት።

"ማኅበረሰቡን እስካገኘው ድረስ።"

የመመለሻው ትኬት ግን ተቆርጧል። ባየልኝ ነግሮኛል።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ማኅበረሰቡን ስንፈልግ ዋልን። ስብሰባ ላይ ነው ተባለ።

መስከረም 30፣ ዓርብ

ዶክተሩን ረቢዓ ሱቅ ወሰድኩት። ረቢዓና ባሏ ሙሐመድጣሂር መናኸሪያው አጠገብ የሱዳን ዕቃ ይሸጣሉ። ረቢዓ ከእናቴ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ የልብ ወዳጅ ናት፤ እኔንም እንደ ልጇ ትቆጣኛለች። ዘመዶቿ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አሉ። ዶክተሩ ይኼን ሲሰማ ወንበር ሳበ።

"እርስዎ ራስዎን የሚያዩት መጀመሪያ እንደ ግለሰብ ነው ወይስ እንደ ማኅበረሰብ አባል?"

ተረጎምኩላት። ረቢዓ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"መጀመሪያ ነጋዴ ነኝ በይው። ይገዛል?"

"ጥያቄው ጥልቅ ነው ብላለች" አልኩት። ጻፈ። ሲወጣ ጀላቢያ ገዛ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ረጅም ቀን። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለ ወንፈል የነገርኩት እኔ ነኝ። ስለ እናቴ ተራ ሳወራ ዶክተሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። መብትና ግዴታ፣ ያለ ፖሊስ፣ ያለ ውል! አሁኑኑ እንሂድ አለ። ዛሬ ሰንበት ስለሆነ ሥራ የለም፤ የወንፈሉ ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ እናቴ መንደር ያለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። የፕሮጀክቱ መኪና ዋልካው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። የቀረውን በእግር ሄድን። ዶክተሩ አንድ ጫማውን ለጭቃው ገብሮ ደረሰ።

የወንፈሉ አባት አያ ያረጋል ናቸው። ተራ የሚጠሩት፣ የቀረውን የሚቆጡት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው። ዶክተሩ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ቆሞ ስለ ማኅበረሰቦች ማኅበረሰብ ተናገረ። ተረጎምኩ። አያ ያረጋል እስኪጨርስ አዳመጡ።

"ደግ ሐሳብ ነው። አለቃው ማን ነው?"

"አለቃ የለውም። ሁሉም እኩል ነው።"

"ተራ የሚጠራውስ?"

ዶክተሩ ትንሽ አሰበ። "ለጊዜው… አገሬ ታስተባብራለች።"

"እንግዲያማ አለቃ አለው" አሉ አያ ያረጋል። "ደግሞ ጠይቂልኝ። ለሱ ሲደርሰው ሄደን እናጭድለታለን። ለኛ ሲደርሰን ከዚያ ድረስ በምን ይመጣል? ጎረቤት ማለት ጭሱ የሚታይ ነው እንጅ።"

እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? "ሽማግሌው በሐሳብዎ ተደስተዋል፤ የትራንስፖርት ጥያቄ አላቸው።"

ጻፈ።

ከዚያ ዶክተሩ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ሐሙስ ከአገሩ አንድ ትልቅ ኃላፊ ይመጣል። ወንፈሉን በዓይኑ ካየ ስትራቴጂው ያልፋል። ግን እዚህ ድረስ መኪና አይገባም። ፕሮጀክቱ ከገንዳ ውሃ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር የተከራየው የሠርቶ ማሳያ ማሳ አለ፤ እሱም ሰሊጥ ነው። ሐሙስ ወንፈሉ እዚያ ቢሆንስ?

ሐሙስ የእናቴ ተራ ነው። ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ወደ እሷ ላለማየት መሬት መሬቱን ያያል።

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"የኔን ተራ ይውሰደው። እንግዳ ነው፤ ከልጄ ጋር ነው የመጣ።"

"ታይቱ፣ ሰሊጥሽ ደርሷል እኮ" አሉ አያ ያረጋል።

"ሰኞ ይመልስልኛል።"

ይኼን እንኳ ቃል በቃል ተረጎምኩት። የዶክተሩ ዓይን እንባ አቀረረ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ሰኞ ባልደረቦቼን ሁሉ ይዤ እዚህ እገኛለሁ። አገሬ እዚህ ትገኛለች!" አለ። አያ ያረጋል አዲስ ማጭድ አስመጥተው ሰጡት፤ ወንፈል የገባ ሰው ማጭድ ይይዛል። ፎቶ ተነሡ። ማጭዱን አገላብጦ ነበር የያዘው፣ ስለቱ ወደ ራሱ።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

"ለምን ሰጠሽው?" ብዬ በስልክ ጮህኩባት።

"ታዲያ አንችን በሰው ፊት ላሳፍርሽ?"

እኔን! መቼ ለመንኳት? "ልጄ ሰው ይዛ መጥታ እኔ አይሆንም ልበል?" አለች። ዘጋሁባት። ወዲያው ተጸጽቼ መልሼ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዶክተሩ ለሐሙስ ሲለማመድ ሆቴሉ ግቢ ያለችውን አንዲት የጽጌረዳ ተክል አጨዳት። የሆቴሉ ባለቤት ስቃ አለፈችው፤ እንግዳ ነው።

ሻይ ስንጠጣ ጠየቅኩት። "ሁሉም ተመካክሮ እናንተ የማትፈልጉት ነገር ላይ ቢደርስስ?"

"ከልብ ከተመካከረ እዚያ አይደርስም" አለ። እንዲህ ሲል ፊቱ እንደ ሕፃን ንጹሕ ነው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

የአስፋልት ዳሩ ሰሊጥ ጥሬ ነው። አረንጓዴ። ጫፉ ላይ አበባው አልረገፈም። አያ ያረጋል አንድ ፍሬ በጥፍራቸው ሰንጥቀው አዩት።

"ይኼ ገና ጡት ያልጣለ ነው። ይታጨዳል ወይ?"

"ለዛሬ ብቻ ነው አያ" አለ ባየልኝ።

"የታጨደ ነገ ይበቅላል?"

"መርሐ ግብሩ ሐሙስ ነው የሚል።"

አያ ያረጋል ወደ እኔ አዩ። ምን ልበል? ወደ ዶክተሩ አየሁ። ዶክተሩ ሰሊጡን እያየ፣ "እንዴት ለምለም ነው!" አለ። አያ ያረጋል ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሰዎቻቸው ተመለሱ። የእንግዳ ነገር እንዲህ ነው፤ እንግዳ ሲሳሳት ማረም ነውር ነው ተብሎ ስንት አገር ጠፍቷል…

ትልቁ ኃላፊ በአራት ሰዓት ይመጣል ተባለ። እስኪመጣ መጀመር አይቻልም፤ ማሳው ትንሽ ስለሆነ ያልቃል። ሰው ሁሉ ማጭድ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆመ። እኔ ጃንጥላ ሥር ነበርኩ። በስምንት መጣ። ባየልኝ እየሮጠ ሄዶ "ዝፈኑ፣ ዝፈኑ!" አለ። ዘፈኑ። አንዱ አወጣ፣ ሌላው ተቀበለ፦

እንግዳው ሲጠራን በጥሬው ማሳ ላይ፣
የታይቱ ሰሊጥ አፉን ከፈተ ወይ?

ኃላፊው በጭብጨባ ተቀበላቸው። "ምን ይላል?" አለኝ ዶክተሩ።

"ስለ አዝመራ ደስታ ነው" አልኩት።

ኃላፊው አንድ ነዶ አቅፎ ፎቶ ተነሣ፣ "ጽናት" የሚል ቃል ያለበት አጭር ንግግር አደረገ፣ የተቀዳለት ሻይ ሳይበርድ ሄደ።

እናቴም አጨደች። በራሷ ተራ፣ የሰው ጥሬ ሰሊጥ። ወገቧን ይዛ ቀና ባለች ቁጥር ወደ ሽንፋ በኩል ታያለች። ሳያት ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ዶክተሩ ሻንጣውን ሲዘጋ ደረስኩበት። ከዋና ከተማቸው መልእክት መጥቷል። ስትራቴጂው ተከልሷል። ኃላፊው ባየው ነገር እጅግ ረክቷል። እጅግ ስለረካም የኛ አካባቢ "በራሱ የቆመ ማኅበረሰብ" ተብሎ ተመድቧል። በራሱ የቆመን ማኅበረሰብ መደገፍ ጥገኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ትኩረቱ ወደ ሌላ አህጉር ዞሯል።

"ሰኞስ?" አልኩት።

"ሰኞ?"

እውነት ረስቶታል። ከዚያ ትዝ አለው። ፀሐይ ካቀላው በላይ ቀላ።

"ስርጉት… ያ እኮ የመንፈስ ቃል ነበር። የአጋርነት መንፈስ።"

"እናቴ የሰማችው ሰኞ የሚል ነው።"

እጄን በሁለት እጁ ያዘ። አዝኗል። የሚያናድደው ይኼ ነው፣ ከልቡ ነው ያዘነው። ቢዋሸኝ ኖሮ ተሳድቤ እገላገል ነበር። ማጭዱን አልጋው ላይ ትቶት ሄደ፤ አውሮፕላን ላይ ስለት አይፈቀድም። አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ወደ እናቴ መንደር በሞተር ወረድኩ። ወንፈሉ ደረበ የሚባለው አባል ማሳ ላይ ነበር። አያ ያረጋልን ጠርቼ ሰኞ ማንም እንደማይመጣ ነገርኳቸው። ነዶ ላይ ቁጭ አሉ።

"ለእናቴ ሌላ ቀን ስጧት እንግዲህ" አልኩ።

"ከየት አምጥቼ? ተራ የሰጠ ሰው የተቀባዩን ተራ ነው የሚይዝ። ደረበ ለኔ ቢሰጠኝ፣ እኔ በደረሰኝ ቀን ደረበ ያሳጭዳል። ሰውየው ግን ከመጀመሪያውም ተራ የለው። እናትሽ የተለዋወጠችው ተራ ከሌለው ሰው ጋር ነው።"

"እንዴት ይኼን ሳናየው?"

"ማን ያየዋል ልጄ? ተራ የሌለው ሰው ተራ ይጠይቃል ብሎ ማን ያስባል?"

"አንዱ ቢለቅላትስ?"

እጃቸውን ዙሪያውን አዞሩ። የሁሉም ማሳ ደርሷል። ደረበ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አጎነበሰ። ልጆች አሉት። አልፈርድበትም… ትንሽ ፈረድኩበት።

እናቴ ማሳ ዳር ቆምኩ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ጆሮ ከሰጡት ይሰማል፤ ጠሽ… ጠሽ… ፍሬው አፉን ሲከፍት። እናቴ ብቻዋን እያጨደች ነው። ማሳው ሰፊ ነው፣ እሷ አንድ ናት። አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። "ምሳ በልተሻል?" አለችኝ። አለቀስኩ።

በዚያው ሞተር ተመልሼ ረቢዓ ሱቅ ገባሁ። ሁሉንም ዘከዘክሁላት። ሚዛኗን አስቀመጠች።

"ነገ ምንድን ነው?"

"እሑድ።"

"እሑድ የማን ተራ ነው?"

"የማንም። ሰንበት እኮ ነው ረቢዓ።"

"ኸላስ፣ በቃ" አለች። "የማንም ካልሆነ የኛ ነው።"

ጥቅምት 9፣ እሑድ

በአይሱዙ መጡ። ረቢዓ፣ ሙሐመድጣሂር፣ ከመናኸሪያው ረድፍ ሱቁን የዘጋ ሁሉ፣ ጀላቢያ ሰፊው፣ ሻይ ሻጯ ሙባረካ፣ ሸቀጥ ሊሸጡ መጥተው ነገሩን የሰሙ ሁለት ሱዳኖች። ዋልካው ዳር ወርደው በእግር ገቡ። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ ተገጣጠሙ።

"በሰንበት? በኔ ማሳ? ሞቼ ነው ረቢዓ!"

"ያንቺ ማሳ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"ለዛሬ ስጪኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ እመልስልሻለሁ፣ ወላሂ።"

እናቴ አብረዋት ወደሚመጡት ቄስ ዞረች። ቄሱ በጣም ሩቅ ያለ ነገር ማየት ጀመሩ። "የሰጡት ነገር የሰጪው አይደለም" አሉ በመጨረሻ፣ ለአየሩ እንደሚያወሩ። ከዚያ ፈጠን ብለው ሄዱ።

"እንኪ" አለች እናቴ።

ቁርቁራው ሥር ጀርባዋን ለማሳው ሰጥታ ተቀመጠች። አንድ ጊዜም አላየሁም ትላለች። በትከሻዋ ስታይ ግን እኔ አይቻታለሁ።

"ረቢዓ፣ ነዶውን አታሳንሽው!"

"ማሳው የኔ ነው፣ ዝም በይ!"

እኔስ? ክርስቲያን ነኝ፣ ሰንበት ነው። ውሃ አመላለስኩ። ውሃ ማመላለስ ሥራ ነው አይደለም? ቄሱ ስለሌሉ አልጠየቅኩም። ሱዳኖቹ አጨዳውን ከሁሉም በላይ ያውቁታል፤ "ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ቶሎ!" እያሉ ጀላቢያ ሰፊውን ሲያሯሩጡት ዋሉ።

ማታ ነዶው እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደግፎ፣ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ቆሟል። ከፍሬው ሲሶ ያህሉ ግን መሬት ላይ ቀርቷል። እናቴ አፈሩን ዳሰሰችና እጇን አራገፈች። ረቢዓ ማሳውን መለሰችላት፤ በደንብ፣ በምስክር ፊት።

"ዓርብ ጁምዓ ስንሄድ ሱቁን ማን ይጠብቃል?" አለ ሙሐመድጣሂር።

"እኔ" አለች እናቴ።

ማንም ስለ እሴት አልተናገረም። እኔም አልተረጎምኩም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የስንብት ምክክር። ዶክተሩ አዲስ አበባ ሆቴል ሆኖ፣ አለቆቹ ከአገራቸው ሆነው፣ እኛ ፕሮጀክቱ ቢሮ በጄኔሬተር። ስክሪኑ ላይ ትናንሽ ሳጥን ውስጥ የገቡ ብዙ ፊቶች። ዶክተሩ የተማረውን ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። ከዚያ አንዱ ሳጥን፣ "አሁን የማኅበረሰቡን ድምፅ እንስማ" አለ።

አያ ያረጋል ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ደህና ገባህ ወይ በይልኝ። ጫማህን አግኝተነዋል፣ ታጥቧል። ተራ ወሰድህ፣ አልመለስህም። ታመህ ይሆናል፣ አንፈርድም። ወንፈል የገባ ሰው ግን 'ሐሳቤን ቀየርሁ' አይልም። እሱ ባይመች ሰው ይልካል። ትልቅ የሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ይልካል። 'በራሳችሁ ቆማችኋል' አላችሁ አሉ። የቆምነውማ እናንተን ስንጠብቅ ነው፣ ፀሐይ ላይ። ጠብ አይደለም የምንፈልግ። ግዴታ ብለህ ያስተማርኸንን ነው የምንጠይቅህ።"

ባየልኝ በክርኑ ጎሸመኝ። "አለስልሺው" አለኝ በሹክሹክታ።

አላለሰለስኩትም። ጫማውን ሳላስቀር፣ ፀሐዩን ሳላስቀር፣ እንዳለ አስተላለፍኩት። ስጨርስ ቀለለኝ።

በአንዱ ሳጥን ያለች ሴትዮ መጻፏን አቆመች። ዶክተሩ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አፉን ከፈተ… ጄኔሬተሩ ጠፋ።

"ናፍጣ አልቆ ነው" አለ ባየልኝ። ዓይኔን አላየም።

ሲሸኘኝ ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረኝ። የትርጉም ሥራው "ከአሠራር ለውጥ ጋር ተያይዞ" ቆሟል።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ጁምዓ። ከእናቴ ጋር ረቢዓ ሱቅ ተቀመጥን። እናቴ የሳሙናውን ዋጋ ረስታ ገዢውን ጠየቀችው። እውነቱን ነገራት።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ባየልኝ የዶክተሩን ሪፖርት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ያማረ ወረቀት። ሽፋኑ ላይ እናቴ! ማጭድ ይዛ፣ ከጥሬው ሰሊጥ መሃል ቀና ብላ ወደ ሽንፋ ስታይ። ከሥሯ "የጋራውን ነገ የምትመለከት እናት" ይላል።

ውስጡ የአዝመራ ደስታ ዘፈን ተብሎ ዘፈኑም አለ፣ በእኔ ትርጉም። የረቢዓ "ጥልቅ ነው"ም ገብቷል። የአያ ያረጋል የትራንስፖርት ጥያቄ ወደፊት እንደሚታይ ተመልክቷል። መደምደሚያው ማኅበረሰቡ ከታላቋ አገር ጋር የጋራ እሴት ላይ መድረሱን፣ የተለየ ሐሳብ አለመመዝገቡን ይገልጻል። ለስክሪኑ ስብሰባ አንድ መስመር ተሰጥቶታል፤ በቴክኒክ ችግር ተቋርጧል።

የሚያስቀኝ መስሎኝ ነበር። አላሳቀኝም። ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ። በጨዋነት፣ እያለሰለስኩ።

ለእናቴ ወስጄ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ አየችው።

"ሰሊጡ እኮ ጥሬ ነው" አለች። "ሰው ያየዋል።"

ያሳፈራት እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ማሽላው ደርሷል። ለማሽላው ወንፈል አዲስ ዕጣ ለማውጣት ቁርቁራው ሥር ተሰበሰቡ። እናቴን ላደርስ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

ለእያንዳንዱ አባል የራሱ ምልክት ያላት አንዲት እንጨት አያ ያረጋል ባርኔጣ ውስጥ ትገባለች። ሁሉም አስገባ። አያ ያረጋል ከኪሳቸው አንዲት ትርፍ እንጨት አውጥተው ጨመሩ።

"ይቺ የማን ናት?" አለ ደረበ።

"የሰውየው። ወንፈል ገብቷል፣ ወጣሁ አላለም።"

"ኧረ አያ፣ አይመጣም!"

"ባይመጣስ? ያጨድንለትን ቀን ከየት አመጣዋለሁ? እንጨቱን ብጥላት ያ ቀን ለሁላችንም ጠፋ። ታይቱም ተራዋን ለሌለ ሰው እንደሰጠች ሆነች።"

ሳቁ። ተከራከሩ። አንዱ እንጨቷ ትጣል አለ፣ አንዱ ለመጭው ዓመት ትቀመጥ አለ። አያ ያረጋል አልሰሟቸውም። እያወጡ መጥራት ጀመሩ። የተጠራ ሰው "አለሁ" ይላል፤ አለሁ ካለ በሁሉም ማሳ ላይ ይገኛል ማለት ነው። ደረበ፣ አለሁ። ታይቱ፣ አለሁ። ሌሎቹም ተጠሩ።

"ታላቋ አገር!"

ፈገግ እንኳ አላሉም። ሁለተኛ ጠሩ። እናቴ መዳፏን እያየች ነው። ያን ቀን ተነሥታ "ከልጄ ጋር ነው የመጣ" ያለችው ትዝ አለኝ። እውነት ነው፤ ከእኔ ጋር ነው የመጣው። ማጭዱ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለአያ ያረጋል ልመልስላቸው ይዤው ስዞር ወር ሞልቶኛል።

ሦስተኛ ሲጠሩ አወጣሁትና ተነሣሁ።

"አለሁ" አልኩ።

የሚስቅ ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። አያ ያረጋል ማጭዱን አዩ፣ እጄን አዩ።

"አገላብጠሽ ይዘሽዋል" አሉ።

እናቴ መጥታ አዞረችልኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እጀታው ላይ አስተካከለችልኝ። እጇ ቶሎ አልለቀቀኝም።

ነገ ደረበ ማሳ ነን። ትምህርት? ከስልሳዎቹ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ እዚያው ናቸው።